ከኦይስተር እንጉዳይ ላኬዝ ማምረት፦ በ5 ሊትር ባዮሪአክተር

ከእርሾ ጋር መሥራት የለመደ ሰው ወደ እንጨት አበስባሽ ፈንገስ ሲዞር አንድ ስህተት ይሠራል፤ ብዙ ባሳደግሁ ቁጥር ብዙ ኢንዛይም አገኛለሁ ብሎ ያስባል። ይህ ፈንገስ ግን ስኳር ጠግቦ ሲያድግ ላኬዝ ይቆጥባል። በርከት አድርጎ የሚያወጣው ምግቡ ሲሳሳበትና መዳብ ወይም ከእንጨትና ከገለባ የሚወጡ ፌኖሎች ሲነካኩት ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ምዕራፍ አለው፦ መጀመሪያ ማጥገብ፣ ቀጥሎ ማስቆጣት። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ሪአክተሩን (ፈንገሱ የሚያድግበትን ዕቃ) የሞላ ነጭ ፈንገስ ይዞ ኢንዛይሙን ያጣል።

ላኬዝ በውስጡ 4 የመዳብ አቶሞች ያሉት ኢንዛይም ነው። ከአየር የሚያገኘውን ኦክስጅን ወደ ውሃ እየለወጠ ፌኖሎችንና ብዙ ዓይነት የጨርቅ ማቅለሚያዎችን ይሰብራል። መጀመሪያ የታየው በ1883 በጃፓን፣ በቀለም ዛፍ ሙጫ ውስጥ ነበር። ዛሬ ለጂንስ ማንጫ፣ ለወረቀት ጥሬ ዕቃና ለማቅለሚያ ፍሳሽ ይፈለጋል።

የትኛው ፈንገስ

ለጀማሪ የምንመክረው ኦይስተር እንጉዳይን (ፕሉሮተስ ኦስትሪያተስ) ነው። አምራቾች ዘሩን ይሸጣሉ፤ ካልተገኘም ከትኩስ እንጉዳይ ማውጣት ይቻላል። በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቅላል፣ ለመዳብም ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ትራሜቴስ ቨርሲከለርም ጥሩ ነው። የምትፈልጉት ሊግኒን ፐርኦክሲዴዝ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ከሆነ ግን ይህ መመሪያ አይሆናችሁም፤ ኦይስተር እንጉዳይ እሱን አያመርትም። ለዚያ የሚያገለግለው ፋኔሮኬቴ ክሪሶስፖሪየም ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ይፈልጋል፣ አያያዙም ሌላ ነው።

ዘር ከእንጉዳይ ለማውጣት ጠንካራና ያልረጠበ እንጉዳይ ምረጡ። ግንዱን በቢላ አትቁረጡ፤ በእጅ ለሁለት ቅደዱት። ውስጡ አየር ስላልነካው ንጹህ ነው። በእሳት በተቃጠለ ምላጭ ከመሃሉ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቁራጭ አንሥታችሁ የድንች አጋር ላይ አስቀምጡ። የአጋሩ አሠራር ለ1 ሊትር እንዲህ ነው፦ 200 ግራም የተላጠ ድንች ቀቅላችሁ ውሃውን ታጠልላላችሁ፤ 20 ግራም ግሉኮስና 18 ግራም አጋር ትጨምራላችሁ። በ7 ቀን ውስጥ ነጭ ማይሲሊየም (የፈንገሱ የክር መረብ) ሳህኑን ይሸፍናል።

እዚህ ላይ የማይዘለል ፍተሻ አለ። በአንድ ሊትር አጋር 0.2 ሚሊ ሊትር ጓያኮል (ላኬዝ ሲነካው ቀለም የሚያወጣ ፌኖል) ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ሳህን አዘጋጁና ያላችሁን ዘሮች ሁሉ እዚያ ላይ አሳድጉ። ላኬዝ የሚያወጣው ዘር በዙሪያው ቀይ ቡናማ ክብ ይሠራል፤ ክቡ ሰፋ ያለውን ምረጡ። ከሳህን ወደ ሳህን ብዙ ጊዜ የተላለፈ ዘር ይደክማል፤ ነጭና ያማረ ሆኖም ክብ ላይሠራ ይችላል። ለዚህም ጥሩውን ዘር ከፋፍላችሁ በ4 ዲግሪ አቆዩና ከዚያው እየቀነሳችሁ ተጠቀሙ።

ዕቃው

የዚህ ዓይነት ፈንገስ የመቀላቀያ ምላጭ አይወድም። በሚሽከረከር ምላጭ ሪአክተር ውስጥ ክሩ ይበጣጠሳል፣ የቀረው ደግሞ ዘንጉ ላይ እንደ ጥጥ ይጠመጠማል። ስለዚህ የምንመርጠው ምላጭ የሌለውን፣ በአረፋ ብቻ የሚናወጠውን ቁመተ ረጅም ሪአክተር ነው። የሚያስፈልጉት፦

5 ሊትር የሚይዝ፣ ሙቀት የሚችል የብርጭቆ ዕቃ፣ ቢያንስ 4 ቀዳዳ ካለው ክዳን ጋር (አየር መግቢያ፣ አየር መውጫ፣ ናሙና መውሰጃ፣ መጨመሪያ)፤
የሲሊኮን ቱቦና የቱቦ መቆንጠጫዎች፤
ሁለት የ0.2 ማይክሮን የአየር ፊልተር፣ ውሃ የማያሳልፍ ዓይነት፤
የዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕና በደቂቃ እስከ 5 ሊትር የሚለካ የአየር ፍሰት መለኪያ፤
ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ከታች 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ያሉት የአየር ማከፋፈያ ቱቦ፤
1 ሊትር የሚሞላ፣ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ የተቆራረጠ የፖሊዩሬቴን ስፖንጅና እሱን የሚይዝ የማይዝግ ሽቦ ቅርጫት።

ብዙዎች ድንጋይ መሰል፣ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ይመርጣሉ፤ አረፋው ስለሚደቅ ኦክስጅን በደንብ ይሟሟል። ለፈንገስ ግን አይመከርም። ማይሲሊየሙ ቀዳዳው ውስጥ ያድግና በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ይዘጋዋል።

ስፖንጁ ፈንገሱ የሚይዘው ቤት ነው። ሦስት ጊዜ ውሃ እየቀያየራችሁ ለ10 ለ10 ደቂቃ ቀቅሉት፤ የፋብሪካ ኬሚካል አለበት። የስፖንጅ ዓይነት ስለሚለያይ አንድ ሁለቱን አስቀድማችሁ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም መግደያ) ሞክሩ። መልኩ ቢጫ ቢሆን ችግር የለውም፤ ከፈረሰ ወይም ከተጣበቀ ሌላ ፈልጉ። ቅርጫቱ ከማከፋፈያው በላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል።

ለሙቀት ሪአክተሩን በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አቁማችሁ፣ ውሃውን በዓሣ ገንዳ ማሞቂያ 28 ዲግሪ ላይ መያዝ ይበቃል። አዲስ አበባ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ባልዲውን በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ምግቡ

ፉርሽካ ርካሽ ነው፤ ከዚያም በላይ በውስጡ ያለው ፌሩሊክ አሲድ የተባለ ፌኖል ፈንገሱን ላኬዝ እንዲያወጣ ይጎተጉተዋል። ፉርሽካውን እንዳለ ሪአክተር ውስጥ አታስገቡት፤ ስፖንጁን ይደፍናል፣ በኋላም ማጥለሉ መከራ ነው። 90 ግራም ፉርሽካ በ2.7 ሊትር ውሃ ለ30 ደቂቃ ቀቅሉና በሻሽ አጥልሉ፤ ከዚያ ውሃ ጨምራችሁ 2.5 ሊትር አድርሱት። በውስጡ 9 ግራም ፔፕቶን (የተሰባበረ ፕሮቲን ዱቄት)፣ 3 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና 1.5 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት (ባለ 7 ውሃውን) አሟሙ። ፒኤቹን 5.5 ላይ አቁሙ። አሲድ ካስፈለገ ፎስፎሪክ ወይም ሰልፈሪክ ተጠቀሙ እንጂ ሃይድሮክሎሪክ አይሁን፤ ክሎራይድ ላኬዝን ከሚያዳክሙ ነገሮች አንዱ ነው።

30 ግራም ግሉኮስ በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ለብቻው ይዘጋጅ። ከፔፕቶን ጋር አብሮ ከተቀቀለ ይቃጠልና ይጠቁራል። መዳቡም ለብቻው ነው፦ 2.5 ግራም ኮፐር ሰልፌት (ባለ 5 ውሃውን) በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ። ከፎስፌቱና ከፔፕቶኑ ጋር አብሮ ሲሞቅ እየተያያዘ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ለፈንገሱም አይደርሰውም።

ከጀርም ማጽዳት፣ በተለይ ከፍ ባለ ቦታ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። መጻሕፍቱ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ማለት 121 ዲግሪ ነው ይላሉ። ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ፣ የውጭው አየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ መለኪያው 15 ሲያሳይ በውስጥ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ ብቻ ነው። 4 ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ሙቀት የሚችሉ የባክቴሪያ ስፖሮችን ለመግደል ግን ጊዜውን ሁለት ተኩል እጥፍ ታስረዝማለች። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ልዩነቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

አውቶክሌቫችሁ ቴርሞሜትር ካለው እሱን እመኑ፣ የግፊት መለኪያውን ተዉት። እውነተኛ 121 ዲግሪ ከደረሰ 2.5 ሊትር ምግብ ለያዘው ሪአክተር 45 ደቂቃ፣ ለትናንሽ ፍላስኮች 20 ደቂቃ ይበቃል። ያላችሁ ትልቅ የግፊት ድስት ብቻ ከሆነ ለሪአክተሩ 110 ደቂቃ፣ ለፍላስኮቹ 50 ደቂቃ ስጡ። ግፊቱን ለመጨመር ብሎ የድስቱ መተንፈሻ ላይ ክብደት መጫን አይታሰብ፤ ድስቱ ቦምብ ይሆናል። ክዳኑን ከዘጋችሁ በኋላም እንፋሎቱ ሳይቋረጥ ለ10 ደቂቃ ይውጣ፤ በውስጡ አየር ከቀረ መለኪያው የሚያሳየው ግፊት ውሸት ነው።

ሪአክተሩ ሲገባ አንድ ሕግ አለ፦ ፈሳሽ ውስጥ የጠለቀ ቱቦ ሁሉ ይቆንጠጥ፣ የአየር መውጫው ግን ክፍት ይሁን። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ብርጭቆው ይሰነጠቃል፣ ወይም ምግቡ ወደ ፊልተሩ ተገፍቶ ይደፍነዋል። ፊልተሮቹን በፎይል ጠቅልሏቸው።

ካጸዳችሁ በኋላ ዘር ሳትጨምሩ ለ24 ሰዓት በ28 ዲግሪ አየር እየነፋችሁ አቆዩት። ከደፈረሰ አልጸዳም ማለት ነው። አንድ ቀን መጠበቁ 10 ቀን ከማባከን ይሻላል።

ዘሩን ማብዛትና መጨመር

በሦስት ባለ 250 ሚሊ ሊትር ፍላስኮች ውስጥ 100 100 ሚሊ ሊትር ተመሳሳይ ምግብ (ግሉኮሱን ጨምሮ) አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ከሳህኑ ጠርዝ የተወሰዱ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 5 የአጋር ቁራጮች አስገቡ። በደቂቃ 120 ዙር በሚነቀንቅ መደርደሪያ ላይ ለ5 ቀን አቆዩ። ከዚያ በጸዳ የብሌንደር ጆግ ውስጥ ለ5 ሰከንድ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ፍጩት። ካለፈ ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ካልተፈጨ ደግሞ ጥቂት ትልልቅ ኳሶች ይሆኑና መሃላቸው ኦክስጅን አጥቶ ይበሰብሳል። ትክክለኛው ውጤት ቀጭን አጥሚት ይመስላል።

ግሉኮሱን ቀጥሎም 300 ሚሊ ሊትር ዘሩን በመጨመሪያው ቀዳዳ አስገቡ፤ ጠቅላላው 3 ሊትር ይሆናል። ቱቦውን ከመክፈታችሁ በፊት ጫፉን በ70 ከመቶ አልኮል አጥቡ፣ በእሳት አጠገብም ሥሩ፤ ግን አልኮሉ ሳይደርቅ እሳት አታስጠጉ።

ቀን በቀን

የመጀመሪያው ቀን አየሩ በደቂቃ 1.5 ሊትር ይሁን፣ ዘሩ ስፖንጁ ላይ እንዲይዝ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ 3 ሊትር። ከፍታ እዚህም ይገባል፦ በ28 ዲግሪ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 7.8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በአዲስ አበባ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተጻፈ የአየር መጠን ካገኛችሁ በ30 ከመቶ ያህል ከፍ አድርጉት።

የሚገባው አየር መጀመሪያ በጸዳ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይለፍ። አለበለዚያ ደረቁ አየር በየቀኑ ከ50 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዞ ይወጣል። በ10 ቀን ውስጥ ከ3 ሊትሩ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጠፋል፤ የኢንዛይሙ ቁጥር ያደገ የሚመስለው ፈሳሹ ስላነሰ ብቻ ይሆናል። በመውጫው በኩል ደግሞ ከፊልተሩ በፊት ባዶ ጠርሙስ አስገቡ፣ ጤዛው እዚያ ይቅር። የረጠበ ፊልተር አየር አያሳልፍም፤ ግፊት ይጠራቀምና ቱቦው ይፈናጠራል።

በየቀኑ 5 ሚሊ ሊትር ናሙና ውሰዱ፤ ፒኤች፣ ስኳርና ላኬዝ ለኩ። ለስኳሩ በፋርማሲ የሚሸጠው የሽንት ስትሪፕ ለግምት ይበቃል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ስትሪፑ ላይ ያለውን ቀለም ላኬዙ ራሱ ሊለውጠው ይችላል፤ ስኳር ሳይኖር አለ ይላችኋል። ናሙናውን ለ10 ደቂቃ ቀቅላችሁ አቀዝቅዙና ከዚያ ንከሩት።

ስኳሩ ወደ ግማሽ ሲወርድና ስፖንጁ ነጭ ሲለብስ፣ ብዙውን ጊዜ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን፣ የማስቆጣቱ ጊዜ ደርሷል። ከመዳቡ ፈሳሽ 4.5 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ይህ 150 ማይክሮሞላር ነው። በሁለተኛው ሙከራ እስከ 15 ሚሊ ሊትር (500 ማይክሮሞላር) ከፍ አድርጋችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ከጨመራችሁ ግን ገና ያልያዘው ዘር ይመረዛል፣ እድገቱም ይቆማል።

ላኬዙ በ7ኛውና በ12ኛው ቀን መካከል ጫፍ ይደርሳል። ቁጥሩ ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልጨመረ ሰብስቡ። ነገ ይጨምር ይሆናል ብሎ መጠበቅ ኪሳራ ነው፤ ምግብ ያለቀበት ፈንገስ ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ያወጣና የራሱን ላኬዝ ይበላዋል።

መለካት

በ1 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ 800 ማይክሮሊትር የሶዲየም አሲቴት በፈር (ፒኤች እንዳይለወጥ የሚይዝ ፈሳሽ፤ 0.1 ሞላር፣ ፒኤች 4.5)፣ 100 ማይክሮሊትር 5 ሚሊሞላር ኤቢቲኤስ (ላኬዝ ሲነካው ቀለም የሚያወጣ ኬሚካል፤ 27 ሚሊ ግራም በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ)፣ በመጨረሻም 100 ማይክሮሊትር ናሙና ጨምሩ። አረንጓዴ ሰማያዊ ቀለም ይመጣል። በ420 ናኖሜትር ላይ የብርሃን መምጠጡ በደቂቃ ስንት እንደጨመረ አንብቡ። ያንን በ278 አባዙት፣ ናሙናውን ካቀጠናችሁት በማቅጠኛው ቁጥር ደግማችሁ አባዙ፤ መልሱ በሊትር ዩኒት (የኢንዛይም ሥራ መለኪያ) ነው። ለምሳሌ 20 ጊዜ የቀጠነ ናሙና በደቂቃ 0.18 ከጨመረ 1,000 ዩኒት በሊትር አካባቢ ነው።

ጭማሪው በደቂቃ ከ0.3 ካለፈ አቅጥኑ። ቀለሙ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ከዘገየም አትደንግጡ፤ በፉርሽካው ውስጥ ያሉ ፌኖሎች የመጣውን ቀለም መልሰው ስለሚያጠፉት ነው፣ ሲቀጥን ይስተካከላል። ሁልጊዜም የተቀቀለ ናሙና ለማነጻጸሪያ ለኩ።

ሲበላሽ

ጤነኛ ሪአክተር ውስጥ ፈንገሱ ለብቻው፣ ፈሳሹ ለብቻው ነው፤ በክሮቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ጥርት ያለ ሆኖ የእንጉዳይ ሽታ አለው። ወተት መስሎ ከደፈረሰና ከገማ ባክቴሪያ ነው፤ አንቲባዮቲክ ጨምሮ ለማዳን መሞከር አያዋጣም፣ ጣሉት። ከግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ትራይኮደርማ ወይም ሌላ ሻጋታ ገብቷል። ስትጠራጠሩ አንድ ክር በማይክሮስኮፕ 400 እጥፍ አጉልታችሁ እዩ፦ ኦይስተር እንጉዳይ በክሩ መገጣጠሚያዎች ላይ እንደ ትንሽ የጆግ እጀታ ያለ ጉብታ አለው፤ ትራይኮደርማ የለውም።

አረፋ ወደ መውጫው ከወጣ አየሩን ለአንድ ሰዓት ቀንሱና የጸዳ የሲሊኮን ፀረ አረፋ ጠብታ ጨምሩ፣ ከሁለት ሦስት ጠብታ አይለፍ። ሲበዛ ኦክስጅን እንዳይሟሟ ያደርጋል። ከፈሳሹ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ፈንገስ ቢያድግ ምግብ የማይደርሰው ሥራ ፈት ነው፤ በየቀኑ ዕቃውን ቀስ አድርጋችሁ በማዘንበል እጠቡት።

ፈንገሱ አምሮ አድጎ ላኬዝ ከሌለ፣ በቅደም ተከተል እነዚህን ጠርጥሩ፦ ስኳሩ ገና አላለቀም፤ መዳቡ ዘቅጧል (ከታች አረንጓዴ ሰማያዊ ዱቄት አለ?)፤ ዘሩ ደክሟል። ናሙናው እንዳይበላሽ ብላችሁ ሶዲየም አዛይድ ጨምራችሁ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን አገኛችሁት። አዛይድ በላብራቶሪ የተለመደ መከላከያ ቢሆንም ላኬዝን ቀጥ ያደርገዋል። ኢዲቲኤም መዳቡን እየለቀመ ስለሚያዳክመው ከዚህ ሥራ ይራቅ።

መሰብሰብ

ፈሳሹን በሻሽ አጥልሉና በ4 ዲግሪ፣ በ5,000 ጂ ለ15 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ አሽከርክሩ። ኦይስተር እንጉዳይ እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ስኳራማ ነገር ይለቃል፤ በቀጥታ ወደ ማጣሪያ ሜምብሬን ብትወስዱት በደቂቃዎች ውስጥ ይደፍነዋል። ፈሳሹን አንድ ሌሊት በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አድርጋችሁ አቀዝቅዙና ጠዋት በፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ዝልግልጉ ተሰብስቦ ይዘቅጣል፤ በድጋሚ አሽከርክራችሁ ለዩት።

ለማወፈር 10 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚያቆም ሜምብሬን ተጠቀሙ፤ ላኬዙ 60 ኪሎዳልተን ገደማ ስለሆነ አያልፍም። ሜምብሬን ከሌለ በበረዶ ውስጥ እያማሰላችሁ በአንድ ሊትር 520 ግራም አሞኒየም ሰልፌት በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ አንድ ሌሊት አቆዩ፣ የዘቀጠውን ሰብስባችሁ በጥቂት በፈር አሟሙ፣ ጨዉን በዳያሊሲስ (ጨው ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት በውሃ ውስጥ በማቆየት) አስወጡ። ሲቀመጥ ፒኤቹ ከ6 እስከ 7 ይሁን። ኤቢቲኤስ ላይ በአሲድ ውስጥ ፈጣን ስለሆነ ብቻ በአሲድ የሚያስቀምጡት አሉ፤ እዚያ ይሠራል እንጂ አይቆይም።

ስፖንጁን አትጣሉት። ፈሳሹን ካወጣችሁ በኋላ ግሉኮሱ በግማሽ የተቀነሰ አዲስ የጸዳ ምግብ ሙሉበት፤ ፈንገሱ ቤቱን ስለሠራ ሁለተኛው ዙር ቶሎ ይደርሳል። ሦስት አራት ዙር ማስኬድ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ስፖንጁ እየጠበበ አየር አያሳልፍም።

ኢንዛይሙን ለመሞከር ሬማዞል ብሪሊያንት ብሉ አር የተባለውን የጨርቅ ማቅለሚያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም አሟሙ፣ ፒኤቹን 5 አድርጉ፣ በሊትር 100 ዩኒት ላኬዝ ጨምሩና በ592 ናኖሜትር ለ24 ሰዓት ተከታተሉ። ቀለሙ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ግን ለፋብሪካ ሰዎች ስታሳዩ አትደብቁ፤ የተሰባበረው ቅሪት ለብቻው መመርመር አለበት።

የተረፈውን ፈንገስና ስፖንጅ ከመጣላችሁ በፊት በአውቶክሌቭ ግደሉት። መዳብ ያለበትን ዝቃጭ ፈሳሽ ወደ ቧንቧ አትልቀቁ፤ ኖራ ጨምራችሁ ፒኤቹን ወደ 9 ካደረሳችሁት አብዛኛው መዳብ ይዘቅጣል፣ ዝቃጩን አድርቃችሁ ከኬሚካል ቆሻሻ ጋር አስቀምጡ።